ያደገ ጌሾ ከጓሮ ወደ ጓሮ ሲዛወር

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ጌሾ ነው። ስለ ጌሾ ችግኝ አይደለም፤ ችግኝ መትከልን እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። የምንማረው በአንድ ጓሮ ብዙ ዓመት ስለኖረ፣ ግንዱ ስለወፈረና ሥሩ ስለሰደደ ጌሾ ነው። እንዲህ ያለውን ጌሾ ከቆመበት አንሥቶ በሌላ ጓሮ ማጽደቅ ይቻላል ወይ? ይቻላል። ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። መንቀልማ ዶማ ያለው ሁሉ ይነቅላል። ማጽደቁ ነው ሥራው።

"ያደገ ተክል ለምን ይነካል?" የሚል ሰው ይኖራል። እውነቱን ነው። ሰው ካልተቸገረ በቀር መንካት የለበትም። ችግር ግን ይመጣል። መንገድ በጓሮ ያልፋል። ልጅ ሲያገባ የጎጆ ቦታ ይፈለጋል። ጎርፍ አቅጣጫውን ይለውጣል። በ1978 ዓ.ም. በመንደር ምሥረታው ጊዜ ብዙ ገበሬ የቤቱን እንጨትና ክዳን ተሸክሞ ወደ አዲሱ መንደር ሲሄድ የጓሮ ተክሉን ግን ከኋላው ትቶት ሄዷል። ቤት አፍርሶ መሥራት ይቻላል። ዓመታት የፈጀውን ጌሾ ግን በአንድ ደቦ አይሠሩትም።

እኔ ይህን ትምህርት ያገኘሁት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። አጥፍቼም ነው። ጥፋቴን ልንገራችሁ፤ ከዚያ በኋላ የምነግራችሁ ሁሉ ይገባችኋል።

ፊደል አስተምርበት በነበረው የጎጃም ወይና ደጋ መንደር ከተማሪዎቼ አንዷ ባሏ የሞተባት እናት ነበረች። ቤቷ ከቦረቦር አፍ ላይ ነው። ቦረቦሩ አጥሯን በልቶ ወደ ጓሮዋ ገብቷል። ሁለት ክረምት ከጨመረ ቤቷም እንደማይተርፍ ለሁሉም ግልጽ ነበር። ማኅበሩ ከላይ፣ ከሜዳው ላይ፣ የቤት ቦታ ሰጣት። ጓሮዋ ውስጥ ሰባት ጌሾ ነበራት። የመጀመሪያ ልጇን በወለደች ዓመት የተከለቻቸው ናቸው። ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ እየተሸጠ ጨው፣ ሳሙና፣ የልጇ ደብተር የሚገዛው ከዚያ ነው። አንድ ማታ ከትምህርት በኋላ ቀረችና "ልጄ፣ ቤቴንስ ደቦ ይሠራልኛል፤ ጌሾዬን ማን ይሠራልኛል?" አለችኝ።

እኔ ደግሞ በትምህርት ቤት ስለ ተክል የተማርኩት አለ። "ቀላል ነው" አልኳት። ሐምሌ ውስጥ፣ ዝናቡ ሲያይል፣ ከሁለት ጎረምሶች ጋር ሆነን አንዱን ጌሾ ቆፍረን አወጣን። እንዳይከብደን ብለን አፈሩን ከሥሩ ላይ አራገፍነው። ቅርንጫፉን ግን አንዱንም አልነካንም። ለምለም ነበርና ሁላችንም አሳዘነን። ወስደን ተከልነው። ሐምሌን በሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ቆመ። ነሐሴንም ቆመ። እኔም በመንደሩ ውስጥ እንደ አዋቂ መታየት ጀመርኩ። መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ስትወጣ ቅጠሉ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠለጠለ። በየቀኑ ሁለት እንስራ ውኃ አፈሰስንለት። ምንም አልረዳውም። ኅዳር ላይ ማገዶ ሆነ።

ሴትዮዋ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ይኸው ነው የከበደኝ። የቀሩት ስድስት ናቸው።

ገና ቅጠሉ መጠውለግ ሲጀምር የሆነውን ለግብርና ሠራተኛው ነግሬው ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። "ቅርንጫፉን ቆረጣችሁት?" አለኝ። "አይ፣ አሳዘነን" አልኩት። "እንግዲያው የገደለው ማዘናችሁ ነው" አለኝ።

ለምን እንዲህ አለ? እዚህ ላይ ዝግ ብላችሁ አንብቡ። የትምህርቱ ዋና ነገር ያለው እዚህ ነው።

ተክል ውኃ የሚጠጣው በወፍራሙ ሥር አይደለም። ወፍራሙ ሥር ግንዱን ይይዛል፤ የተጠጣውን ውኃም እንደ ቦይ ያስተላልፋል። ውኃውን ከአፈር የሚመጠው ከወፍራሙ ሥር ጫፍ ላይ ያለው ቀጭኑ፣ ፀጉር የመሰለው ሥር ነው። ይህን ጭራ ሥር እንበለው። ጭራ ሥር የተክሉ አፍ ነው። ያደገ ጌሾ ደግሞ አብዛኛው ጭራ ሥሩ ያለው ከግንዱ አጠገብ አይደለም። ቅርንጫፉ ከሚያርፍበት ጥላ ጠርዝ ላይና ከዚያም አልፎ ነው። እንግዲህ ከግንዱ አንድ ክንድ ርቃችሁ ስትቆፍሩ አብዛኛው አፉ ከአሮጌው ጓሮ ይቀራል። የቀረውንም ትንሽ አፈሩን ስታራግፉ ትበጥሱታላችሁ። እኛ ያደረግነው ይህንን ነው።

ቅጠሉስ? ቅጠል ቀኑን ሙሉ ውኃ ወደ አየር ይተነፍሳል። ፀሐይና ነፋስ ሲኖር አብዝቶ ይተነፍሳል። ስለዚህ በአንድ ወገን አፉ የተቆረጠ፣ በሌላ ወገን እንደ ቀድሞው በሺህ ቅጠል ውኃ የሚያጠፋ ተክል ምን ይሆናል? ይደርቃል። ክረምት ደመናና እርጥብ አየር ስላለ ቅጠሉ ብዙ አይተነፍስም። ስለዚህ ክረምቱ ጉዳታችንን ደበቀልን። የመስከረም ፀሐይ ገለጠችው። ያን ጊዜ በሥሩ ላይ ውኃ ብናፈስ የሚጠጣበት አፍ የለውም። ጥም የያዘውን ሰው አፉን አስሮ ወንዝ ዳር እንደ ማስቀመጥ ነው።

ስለዚህ የሥሩ ጉዳት ያህል ከላይም ይቀነሳል። ሥር ሲቆረጥ ቅርንጫፍም ይቆረጣል። ጌሾ ደግሞ መቆረጥን የለመደ ተክል ነው። ስትሸጡት የምትቆርጡት እሱኑ አይደል? ከግንዱ እንደገና ያቆጠቁጣል። የተቆረጠውም ቅጠልና እንጨት አይጠፋም፤ ደርቆ ገበያ ይወጣል። የዚያን ዓመት ገንዘብ በአንድ ጊዜ ሰበሰባችሁ ማለት ነው። የሚቀጥለውን ዓመት ግን አትቁጠሩበት። ከተዛወረ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ቅጠሉ አይነካም። ጭራ ሥር እንደገና የሚሠራው አዲሱ ቅጠል በሚያዘጋጀው ምግብ ነውና።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

ጊዜ ያለው ሰው ከአንድ ዓመት በፊት ይጀምራል። እኛም ለቀሩት ጌሾዎች ያደረግነው ይህንን ነው፤ የመጀመሪያው እየጠወለገ ሳለ፣ መስከረም ላይ፣ አፈሩ ገና እርጥብ እንደ ሆነ ጀመርን። መጀመሪያ ክብ ይሰመራል። ክቡ ከግንዱ ምን ያህል ይራቅ? ለዚህ ገመድ ይበቃል። ገመዱን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብላችሁ በግንዱ ዙሪያ አንድ ጊዜ አዙሩ። ያንን ርዝመት እጥፍ አድርጉት። ከግንዱ መካከል ጀምሮ ያን ያህል ራቁና በችካል ክብ ጫሩ። በምሳሌ እንየው። የግንዱ ዙሪያ 16 ሳንቲ ሜትር ቢሆን እጥፉ 32 ሳንቲ ሜትር ነው። ከግንዱ መካከል 32 ሳንቲ ሜትር ርቃችሁ ታሰምራላችሁ። የክቡ ወርድ ከዳር እስከ ዳር 64 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ጌሾው ከአንድ ሥር ብዙ ግንድ ያወጣ ከሆነ ግርጌያቸውን በአንድ ላይ አዙራችሁ ለኩ።

ክቡን እንደ እንጀራ አራት ቦታ ክፈሉት። ፊት ለፊት የሚተያዩትን ሁለቱን ክፍሎች ብቻ ከክቡ ውጭ በአካፋ ወርድ ቆፍሩ። ጥልቀቱ አንድ ክንድ ያህል ይሁን። የምታገኙትን ሥር በስለታም መሣሪያ ቁረጡ። አትገንጥሉ፤ የተገነጠለ ሥር ይበሰብሳል። ከዚያ ጉድጓዱን በላይኛው ጥቁር አፈርና በደንብ በበሰበሰ ፍግ መልሳችሁ ሙሉት። ሁለቱ ክፍሎች ሳይነኩ ስለቀሩ ጌሾው መጠጣቱን አያቆምም። በተቆፈሩት በኩል ደግሞ ከተቆረጠው ሥር ጫፍ አዲስ ጭራ ሥር ይወጣል፤ የሚወጣውም ከግንዱ አጠገብ ነው። በሚቀጥለው ክረምት ስታነሡት ያ አዲስ አፍ አብሮት ይሄዳል። በበጋው በየሳምንቱ አንድ እንስራ ውኃ የሚያገኝ ከሆነ መልካም። ውኃ ሩቅ ከሆነ ደግሞ ግርጌውን በገለባ ጉዝጓዝ አልብሱት።

ጊዜ የሌለውስ? መንገድ ሠሪው ነገ ይደርሳል የተባለ ሰው ምን ያድርግ? እሱ በዝናብ መግቢያ ብቻ ያንሣው፤ ቅርንጫፉንም ሳይራራ ከጉልበት በላይ ያለውን በሙሉ ይቁረጠው። ጉቶ መስሎ ይታያል። ጎረቤት ይስቃል። ይሳቅ። ባለ ሙሉ ቅጠሉ ከሚደርቅ ጉቶው ቢያቆጠቁጥ ይሻላል። በበጋ መካከል ማንሣት ግን የግድ ካልሆነ አይሞከር።

አንድ ዓመት የተዘጋጀው ጌሾ ግማሹ ቢቆረጥ ይበቃዋል። ስትቆርጡ በመጋዝ ወይም በተሳለ መጥረቢያ፣ ውኃ እንዳይቋጥር ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡ።

ከማንሣታችሁ በፊት አዲሱ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይጠብቅ። ይህን ብዙ ሰው ያሳስተዋል። ተክሉን ነቅሎ ፀሐይ ላይ አስቀምጦ ጉድጓድ መቆፈር የሚጀምር አለ። ጭራ ሥር ፀሐይና ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይደርቃል። የጉድጓዱ ወርድ ከሥሩ ክብ እጥፍ ይሁን። ጥልቀቱ ግን እኩል ይሁን እንጂ አይብለጥ። ጠልቆ ከተቆፈረ የተሞላው አፈር በኋላ ይሰምጥና ግንዱ አብሮ ይቀበራል። የተቀበረ ልጥ ይበሰብሳል። ስትቆፍሩ የላይኛውን አፈር በአንድ ወገን፣ የታችኛውን በሌላ ወገን አድርጉ። መሬታችሁ መረሬ ከሆነና ክረምት ውኃ የሚተኛበት ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ፤ ሌላ ቦታ ከሌለ አፈሩን ከፍ አድርጋችሁ መደብ ሥሩና በመደቡ ላይ ትከሉ። ውኃ የተኛበት ሥር አየር አጥቶ ይታፈናል።

በማንሻው ቀን ማለዳ ወይም ደመና ሲሆን ተነሡ። አፈሩ ደረቅ ከሆነ በዋዜማው ውኃ አጠጡት። አፈር ሲረጥብ ሥሩን አቅፎ ይነሣል፤ ሲደርቅ ይፈረፈራል። በጣም ከጨቀየም ልክ አይደለም። ቅርንጫፉን በገመድ ሰብስባችሁ እሰሩ። ባለፈው ያልተቆፈሩትን ሁለት ክፍሎች አሁን ቆፍሩ። ከዚያ ከሥር ገብታችሁ ቀስ በቀስ ቦርቡሩት። ወደ ታች የሚወርድ ዋና ሥር ታገኙ ይሆናል። እሱን አትጎትቱ፤ ቁረጡት። ሥሩንና አፈሩን በአንድ ላይ ጓሉ ብዬ እጠራዋለሁ። ጓሉን ወደ አንድ ወገን ዘንበል አድርጋችሁ እርጥብ ጆንያ ከሥሩ አስገቡ፤ መልሳችሁ ዘንበል አድርጉትና ጆንያውን በሌላው ወገን ሳቡት። ከዚያ ጆንያውን ዙሪያውን በልጥ ወይም በገመድ እሰሩት። ግንዱን ይዞ ማንሣት ክልክል ነው! ግንዱን ይዛችሁ ካነሣችሁ ጓሉ በክብደቱ ይሰበራል፤ ሥሩም ይበጠሳል። የሚነሣው ከሥር፣ ከጆንያው ነው። በቃሬዛ ተሸከሙት።

ስንት ሰው ያስፈልጋል? ይህን በሒሳብ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። ቁጥር የተማርነው ለዚህ ጊዜ ነው። ከግንዱ መካከል እስከ ክቡ ዳር 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ጥልቀቱም 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን እንዲህ እናሰላለን። 30 በ30 ሲባዛ 900 ነው። 900 በ3.14 ሲባዛ 2826 ነው። 2826 በ40 ሲባዛ 113,040 ነው። ይህን ለ1000 ስናካፍለው 113 ሊትር ያህል ይሆናል። አንድ ሊትር እርጥብ አፈር አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። ስለዚህ ጓሉ 1 ኩንታል ከ70 ኪሎ ያህል ነው። ከታች ስለሚሾል ትንሽ ይቀንሳል። አራት ጠንካራ ሰው ይሸከመዋል፤ ስድስት ቢሆኑ ይሻላል።

አሁን ከግንዱ እስከ ዳር ያለው 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆንስ? ብዙ ሰው "እጥፍ ይከብዳል" ይላል። እኔም ብዬ ነበር። አስሉት። 60 በ60 ሲባዛ 3600 ነው። በ3.14 ሲባዛ 11,304፣ በ40 ሲባዛ ደግሞ 452,160 ነው። 452 ሊትር ማለት ነው። ክብደቱ ወደ 6 ኩንታል ከ78 ኪሎ ይጠጋል። ርቀቱ እጥፍ ሆነ፤ ክብደቱ አራት እጥፍ ሆነ። ይህን ሸክም ቃሬዛ አይችለውም። ስለዚህ በጣም የሰፋ ጌሾ ከሆነ ሁለት ምርጫ አላችሁ። ወይ ክቡን አጥብባችሁ ከላይ ደግሞ እስከ ጉልበት ትቆርጡታላችሁ፤ ወይ ትተዉትና ዘሩን ወስዳችሁ አዲስ ታበቅላላችሁ። እኔ ብጠየቅ፣ ግንዱ የበሰበሰ ወይም ምስጥ የገባበት ሽማግሌ ጌሾ ከሆነ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ስድስት ሰው ለሞተ እንጨት ወገቡን መስበር የለበትም።

ጉድጓዱ ውስጥ ስታስቀምጡት አሮጌው የአፈር ምልክት ግንዱ ላይ ይታያል። አዲሱ አፈር ከዚያ ምልክት ጋር እኩል ይሁን። ጆንያውን ፈታችሁ አውጡ። ዙሪያውን መጀመሪያ በላይኛው አፈር ሙሉ። ግማሹ ሲሞላ ውኃ አፍስሱና አፈሩ ይጠጣው፤ ከዚያ ቀሪውን ሙሉ። ውኃው በሥሩና በአፈሩ መካከል የቀረውን ባዶ ቦታ ይደፍነዋል። በእግር ቀስ ብላችሁ እርገጡት፤ እንደ አውድማ አትደምድሙት። ያልበሰለ ፍግ ጉድጓዱ ውስጥ አይግባ፤ የተቆረጠውን ሥር ያቃጥለዋል። ዙሪያውን ውኃ መያዣ ክብ እርከን አብጁለት። ጉዝጓዝ አልብሱት፤ ጉዝጓዙ ግን ግንዱን አይንካው፤ አንድ መዳፍ ያህል ይራቅ። ምስጥ ያለበት አገር ከሆነማ ይህን አጥብቃችሁ ጠብቁ። ነፋስ የሚበዛበት ቦታ ከሆነ በሦስት ችካል ደግፉት። ተክሉ በተነቃነቀ ቁጥር አዲሱ ጭራ ሥር ይበጠሳል።

ከዚያ በኋላ አጥር ነው። ፍየልና ጥጃ ከፀሐይ ይልቅ ይጎዱታል።

ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም ላይ፣ ፈተናው ይመጣል። በምዕራብ በኩል ቅጠላማ ቅርንጫፍ ተክላችሁ ከከሰዓት ፀሐይ ከልሉት። ውኃ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከማጠጣት በሳምንት ሁለት ጊዜ በደንብ ማጠጣት ይሻላል። ጥቂት ውኃ ላይ ላዩን ያረጥብና ይተናል። ቅጠሉ ቢረግፍ አትደንግጡ፤ ቶሎም አትንቀሉት። በጥፍራችሁ የግንዱን ልጥ ትንሽ ፋቁ። ከሥሩ አረንጓዴ ከሆነ ሕይወት አለው፤ ጠብቁት። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ዝቅ ብላችሁ ደግሞ ፋቁ። ከላይ ደርቆ ከታች አረንጓዴ ሊሆን ይችላልና። እስከ መሬት ድረስ ቡናማ ከሆነ ግን አልቋል።

አሁን ስለ ቦረቦሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ሳላስበው የቀረሁት ነገር ነው። ከስድስቱ ጌሾዎች ሁለቱ ከቦረቦሩ አፍ ላይ ነበሩ። "መጀመሪያ የሚወድቁት እነዚህ ናቸውና እነሱን እናንሣ" አልኩ። ጎረቤቷ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ተቆጡ። "አፈሩን የያዘው እኮ ሥራቸው ነው፤ እነሱን ስትነቅል ለጎርፉ በሩን ከፈትክለት" አሉ። እውነት ነው። ሥር አፈርን እንደ መረብ ይይዛል። ቦረቦር አፍ ላይ ያለ ተክል አይነቀልም። ይልቁንም አጠገቡ ሣርና ቁጥቋጦ ይጨመርበታል። ከሌላው ቦታም ስትነቅሉ ጉድጓዱን ክፍት አትተዉት፤ ጎርፍ እዚያ ውስጥ ገብቶ አዲስ ቦረቦር ይጀምራል። ስለዚህ ሁለቱን ተውናቸው። የቀሩት አራት ናቸው። አራቱንም በአንድ ክረምት አላዛወርንም። ሁለቱን በመጀመሪያው ሰኔ መጨረሻ፣ ሁለቱን በተከታዩ ዓመት ለማዛወር ተስማማን። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከተቆረጡ የሚቀጥለው ዓመት የጨውና የሳሙና ገንዘብ ከየት ይመጣል? ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢደርቁስ? ጎን ለጎንም ከበሰለው የጌሾ ፍሬ ለቅማ መደብ ላይ ዘራችው። ያ መያዣዋ ነበር።

ይህ ሁሉ ለሌላ ተክል ይሠራል ወይ? ለሁሉም እኩል አይሠራም። ሎሚ ከጌሾ ጋር ይቀራረባል፤ ትንሽ ከሆነ ይሞከራል። ጽጌረዳ ተቆርጦ ቢዛወር ብዙ አያስቸግርም። ያረጀ ጤና አዳም ማዛወር ድካም ነው፤ ቅርንጫፉን ቆርጦ መትከል ይቀላል። ግራዋም እንዲሁ። ያደገ ቡና ግን ተዉት። ዋና ሥሩ ወደ ታች ይጠልቃል፤ ቆርጣችሁ ካወጣችሁት ብዙ ጊዜ አይመለስም። ቡናው ካረጀና እናንተ ከቦታው የማትሄዱ ከሆነ ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ላይ ጎንድሉት፤ እዚያው ሆኖ ያድሳል። የምትሄዱ ከሆነ ችግኝ ይዛችሁ ሂዱ። የእንሰት ገበሬ ደግሞ ይህን ትምህርት ከሁላችንም በፊት ያውቀዋል። በጉራጌ እንሰት ከችግኝ እስከሚደርስ ድረስ ከአንድ ጊዜ በላይ ከቦታ ቦታ ይዛወራል። ሲያዛውሩት ቅጠሉንም ሥሩንም ይከረክሙታል። ለምን እንደሚከረከም አሁን ገብቷችኋል።

ከመንደሩ ከወጣሁ በኋላ ከዚያች እናት ደብዳቤ ደረሰኝ። የጻፈችው ራሷ ናት። ፊደሎቹ ትላልቅ ናቸው፤ "ጌ" የምትለዋን ሁለት ቦታ ሰርዛ ጽፋታለች። እንዲህ ይላል፦ "ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ለምልመዋል። ዘንድሮ ቆርጬ ሸጥኩ። ከኋለኞቹ አንዱን ጥጃ በላው፤ አጥሩ ላልቶ ነበር። አንዱ ቅጠሉ ረገፈ። ፋቅሁት። አረንጓዴ ነው።"

አሁን እርሳስና ወረቀት አውጡ። አንድ ገበሬ የጌሾውን ግንድ ዙሪያ በገመድ ቢለካ 13 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ክቡን ከግንዱ መካከል ስንት ሳንቲ ሜትር ርቆ ያሰምራል? ጥልቀቱን 30 ሳንቲ ሜትር ቢያደርገው ጓሉ ስንት ኪሎ ይመዝናል? ለአዲሱ ጉድጓድስ ስንት ሳንቲ ሜትር ወርድ ይቆፍራል? ከንባብ ጓደኛችሁ ጋር ሥሩት። የጓሉ ክብደት ከ1 ኩንታል ጥቂት ያነሰ ካልመጣላችሁ ማባዛቱን እንደገና ተመልከቱ።